«ሳነብ ይገባኛል፣ ልናገር ስል አፌ ይታሰራል»

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እንግሊዝኛ ሳነብ ይገባኛል። ጊዜ ቢወስድብኝም ኢሜይል እጽፋለሁ። መናገር ሲመጣ ግን አፌ ይታሰራል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ውጭ ካሉ ባልደረቦቻችን ጋር በኢንተርኔት ስብሰባ አለን። እኔ የሠራሁትን ሪፖርት ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ ያቀርብልኛል። እኔ ካሜራዬን አጥፍቼ እሰማለሁ።

ሳልሞክር ቀርቼ አይምሰልዎት። የ21 ቀን ቻሌንጅ ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ታመመችና ተቋረጠ። በቀን 20 ቃል ልሸመድድ ብዬ ደብተር ገዛሁ፤ ግማሹ ባዶ ነው። አንድ የቋንቋ አፕ ላይ ለወራት ቀን ሳላጓድል ቆየሁ። አንድ ቀን ረስቼ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲመለስ ተናድጄ አጠፋሁት። ለነገሩ ያኔም ቢሆን መናገር አልቻልኩም ነበር።

ባለቤቴ ጥሩ ይናገራል። ከእሱ ጋር ልለማመድ ስል ግን ይስቃል። በክፋት አይደለም፣ ግን ይስቃል። የ8 ዓመት ልጄ ሳትቀር «እማዬ፣ እንደዛ እኮ አይባልም» ትለኛለች። አሁን እሷ ፊት አንድ ቃል ለማውጣት ሼም ይይዘኛል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ሰዓት ላጥና እላለሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት የክፍላችን ኃላፊነት ቦታ ክፍት ይሆናል። ሥራውን እችለዋለሁ፤ ቋንቋው ያስቀረኛል ብዬ እፈራለሁ። የማታ ትምህርት ልመዝገብ ወይስ ቤቴ ሆኜ በየቀኑ ልለማመድ? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል? እኔ እንጃ፣ ሰነፍ ነኝ መሰለኝ።

አፏ የታሰረባት

---

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ካሜራሽን አጥፍተሽ የምትሰሚበት ቦታ ላይ ቆም አልኩ። የገዛ ሥራን ሌላ ሰው ሲያቀርበው ቁጭ ብሎ መስማት ያማል። እፍረቱን ጽፈሽልኛል። ንዴቱን ግን አልጻፍሽውም፤ ያለ ይመስለኛል። ካለም አትፈሪው። ከእፍረት ይልቅ ንዴት ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል።

ሰነፍ ነኝ ባልሽው አልስማማም። ሰነፍ ሰው እንደገና አይጀምርም። አንቺ ሦስት ጊዜ ጀምረሻል፤ ያውም እኔ የማውቀው ብቻ። እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ዕቅዶችሽ ሁሉ በጥሩ ቀንሽ ልክ የተሰፉ ናቸው። ልጅ ላልታመመበት፣ ሥራ ላልበዛበት፣ እንቅልፍ ላልከበደበት ቀን። ሥራ ውላ ለምትገባ የሁለት ልጆች እናት እንዲህ ያለ ቀን በወር ስንቴ ይመጣል? አሁን የምናወራው በመጥፎ ቀንሽም የሚሆን ዕቅድ ስለማውጣት ነው።

መጀመሪያ ያንን 21 ቀን ከላይሽ ላውርድልሽ። ቁጥሩ ከቋንቋ ትምህርት የመጣ አይደለም። ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ ታካሚዎች አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል ብሎ ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች፤ ቁጥሩ ብቻ ዓለምን ዞረ። ብዙ ዓመት ቆይቶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚያደርገው አንድ ትንሽ አዲስ ነገር መረጠ። ነገሩ ብዙም ሳያስቡበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነበር፤ ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገመተ። አንቺን የሚመለከተው ደግሞ ይኸውልሽ፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። አፑ ዜሮ ያሳየሽ ለቁጥሩ ነው እንጂ ለራስሽ አይደለም። ለወራት ያጠናሽው በአንድ ሌሊት ከጭንቅላትሽ አልወጣም።

ዕድሜም ቢሆን እንደምትፈሪው አይደለም። አዋቂ ሰው ሲጀምር ከሕፃን ይልቅ ቶሎ ይረዳል፤ ሰዋስውን ያገናዝባል፣ ያመዛዝናል። ልጆች በመጨረሻ የሚበልጡን በተለይ በአነጋገር ቃና ነው። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ደግሞ ማንም ቃናሽን አይመዝንም። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ነው የሚፈልጉት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንግሊዝኛ የምትፈልጊው ለምንድን ነው? «ለመናገር» አትበይኝ፤ ሰፊ ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳየው የምትፈልጊው በጣም የተወሰነ ነገር ይመስለኛል። ሪፖርትሽን ራስሽ ማቅረብ፣ ከዚያ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ። ይኼ ደግሞ በየሳምንቱ የሚደጋገም ንግግር ነው። ወጪ ጨመረ፣ ክፍያ ዘገየ፣ ይህ ቁጥር ከዚያ ለምን ተለየ። ለዚህ የአፑ ዓረፍተ ነገሮች አይረዱሽም። ቀኑን ሙሉ ትክክለኛውን መልስ ስትነኪ ብትውዪ ጣትሽ ይለምዳል እንጂ አፍሽ አይፈታም። አፕን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ለቃል ጥሩ ነው። ግን አንቺን የቸገረሽ ማወቅ ሳይሆን ያወቅሽውን ማውጣት ነው።

ማታ ያልሽውን አንድ ሰዓት ደግሞ እንተወው። ባለቀ ጉልበት የሚጀመር ነገር አይጸናም። ይልቅ ቀንሽ ውስጥ ያለማንም አስታዋሽ የምታደርጊያቸውን ነገሮች አስቢ። ሥራ ገብተሽ ኮምፒውተር ትከፍቻለሽ። ወደ ቤት ትጓዣለሽ። ልጆች ታስተኚያለሽ። እነዚህ ያንቺን ስሜት ሳይጠይቁ በየቀኑ ይመጣሉ። አዲሱን ነገር እነሱ ላይ እናስጠጋው።

ጠዋት፣ ኮምፒውተሩ ተነስቶ እስኪከፈት ሁለት ደቂቃ። ዛሬ የምትሠሪውን በእንግሊዝኛ ተናገሪ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ለራስሽ። «ቱዴይ አይ ዊል ቼክ ዘ ፔይመንትስ። ዜን አይ ዊል ፊኒሽ ዘ ሪፖርት።» በቃ። ቃል ቢጠፋሽ በአማርኛ ሙዪውና ቀጥዪ፤ የጠፋሽን ቃል ግን ወረቀት ላይ ጻፊው። ከቀናት በኋላ ያ ወረቀት ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ የቃላት ዝርዝር ይሆንሻል። አንቺ ራስሽ የፈለግሻቸው ቃላት ናቸውና።

ወደ ቤት ስትመለሺ፣ መቀመጫሽን ይዘሽ ኤርፎንሽን እንደሰካሽ፣ አንድ አጭር ፕሮግራም ስሚ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ለዚህ ይመቻል። ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ ተቀምጦለታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በየቀኑ አዲስ አትክፈቺ። ለሳምንት አንዱን ብቻ ያዢ። ሰኞ ዝም ብለሽ ስሚው፤ ግማሹ ያመልጥሻል፣ ያምልጥሽ። ማክሰኞ ጽሑፉን እያየሽ ስሚ። ያኔ ይገርምሻል፤ ያመለጡሽ ቃላት አብዛኞቹን ታውቂያቸዋለሽ። እንግሊዝኛ ትንንሾቹን ቃላት እየዋጠ ትልልቆቹን አጉልቶ ስለሚናገር ነው ጆሮሽ የሳታቸው። እኛ ደግሞ ሁሉንም እኩል መጥራት ይቀናናል። ረቡዕ ያለ ጽሑፍ ድገሚው። ሐሙስና ዓርብ ከተናጋሪው ኋላ ኋላ እየተከተልሽ፣ እሱ ሳያቆም፣ በሹክሹክታ አብረሽው ተናገሪ። ይህ ዘዴ ሻዶዊንግ ይባላል፤ አስተርጓሚዎችም ሲሠለጥኑ ይጠቀሙበታል። መጀመሪያ ያንደፋድፋል። ትርጉሙን እንኳ መከተል ያቅታል። ችግር የለውም፤ እዚያ ላይ የምታሠሪው አፍሽን ነው። ሰው ባለበት ከንፈር ማንቀሳቀስ ካሳፈረሽ የሐሙስና የዓርቡን ቤትሽ ደጃፍ ስትደርሺ አድርጊው፣ ወይም ዕቃ ስታጥቢ።

ሦስተኛው ከልጅሽ ጋር ነው። ይኼን ስል ትንሽ እንደምትሸማቀቂ አውቃለሁ። ግን እስቲ ነገሩን ከእሷ በኩል እዪው። የ8 ዓመት ልጅ «እንደዛ አይባልም» ስትል እናቷን መናቋ ይመስልሻል? ትምህርት ቤት እሷን የሚያርሟትን መድገሟ ይመስለኛል። ምናልባትም እማማ የማታውቀውን አንድ ነገር በማወቋ ኩራት ብጤ ተሰምቷታል። ኩራቷን ሥራ ስጪው። ማታ ስታስተኚያት ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ አንድ ገጽ አንቺ አንብቢላት፣ አንድ ገጽ እሷ ታንብብልሽ። ስታርምሽ «አመሰግናለሁ፣ እስቲ ልድገመው» በያት። አምስት ደቂቃ ነው። የልጆች መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የዘወትር ነው፤ ላንቺም ልክ ነው። ደግሞም እናቷ ስትሳሳትና ደግማ ስትሞክር ማየቷ ለእሷም አይጎዳም።

ሦስቱን ብትደምሪ ወደ 20 ደቂቃ አይደርስም። በመጥፎ ቀን ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አልጠብቅብሽም። ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሰዓት የፕሮግራሙ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ ማታ ግማሽ ገጽ። ልጅ ከታመመች ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃለች። «ይህቺ ምን ትረባለች» እንደምትዪ ይሰማኛል። የእንቁላሉን ተረት አልደግምልሽም፣ ሰልችቶሻል። የመጥፎ ቀኗ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራዋ ቋንቋ ማስተማር አይደለም። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍቺ «እንደገና ልጀምር» ከሚለው ጭንቀት እንድትድኚ ነው። ከሁሉም በላይ የሚከብደው እንደገና መጀመር መሆኑን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሦስቱን በአንድ ቀን ግን አትጀምሪ። የጠዋቱን ሁለት ሳምንት ብቻውን ሞክሪው። ሲገባልሽ የጉዞውን ጨምሪ። የልጅሽን መቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ 20 ቃሉ ደብተር አጭር ነገር ልበል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እየፈተነ ባሳተመው ጥናት፣ የሸመደድነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው እያራራቁ ቢደግሙት ግን እንደሚቆይ አሳይቷል። በየቀኑ 20 አዲስ ቃል እያከሉ የትናንቱን ላለማየት መወሰን ውሃ በወንፊት ነው። ከጠዋቱ ወረቀትሽ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቃል ምረጪ። በትንንሽ ካርድ ላይ በአንድ በኩል ሐሳቡን በአማርኛ፣ በሌላው በኩል ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊ። አማርኛውን እያየሽ እንግሊዝኛውን ድምፅሽን አውጥተሽ በዪ፣ ከዚያ ገልብጠሽ አረጋግጪ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። በስልክ ከመረጥሽ አንኪ የሚባለው አፕ ድግግሞሹን ራሱ ያሰላልሻል። የቃል ብዛት አያስጨንቅሽ። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪዎች ያዘጋጀው የታወቀ የዘወትር ቃላት ዝርዝር 2,000 ገደማ ቃል ብቻ ነው ያለው። ሪፖርት የምታነቢ ሰው አብዛኛውን በዓይን ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «በክፋት አይደለም» ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ግን እንደሚጎዳሽ ያውቃል? ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ አብረሽው ፈገግ ብለሽ ተውሽው? ብዙዎቻችን የምናደርገው ሁለተኛውን ነው። ሳቁ በመጣበት ሰዓት ሳይሆን፣ በሌላ ቀን ሁለታችሁም ደህና በሆናችሁበት ጊዜ ንገሪው። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፤ «ስትስቅ ድጋሚ ለመናገር አቅም ያጥረኛል። ይኼ ለሥራዬ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ አውራኝ። መሃል ላይ አታርመኝ። ስህተቴን ጻፍና በኋላ ስጠኝ፣ ከሦስት አይብለጥ።» ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው። አሥር ስህተት የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም፣ አፉን ነው የሚዘጋው። እሺ ብሎ አሁንም መሳቁ ካልቀረለት ደግሞ አትጣዪው፤ ባልነቱን ትተሽለት መምህርነቱን ውሰጂበት። መልካም ባል ሁሉ መልካም የቋንቋ አጋር አይሆንም።

የማክሰኞው ስብሰባስ? እንግሊዝኛዬ እስኪስተካከል ልጠብቅ ካልሽ ትቆያለሽ። ሪፖርቱን የሚያቀርብልሽን ልጅ ለብቻው አነጋግሪው። ቀስ በቀስ ልረከበው እፈልጋለሁ በዪው፤ ደስ ሳይለው አይቀርም፣ የሰው ሥራ ተሸክሟል። የመጀመሪያው ማክሰኞ ካሜራሽን ክፈቺና ሰላምታ ብቻ ስጪ። በቀጣዩ አንድ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር፣ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ። በኋላ ላይ ልናገር ያለ ሰው ሲፈራ ሰዓቱ ያልቅበታል። ከዚያ በቀጣዮቹ ሳምንታት የሪፖርቱን የመጀመሪያ ክፍል አንቺ፣ ቀሪውን እሱ። ጽፈሽ ማንበብም ይቻላል፤ ካሜራው ወረቀትሽን አያሳይም።

የሚያስፈራሽ ያልተጠበቀው ጥያቄ መሆኑ ይገባኛል። ለእሱ ሦስት መውጫዎች ከእንቅልፍሽ ቢቀሰቅሱሽ እንኳ እስክትያቸው ድረስ አጥኚ። «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» «ጊቭ ሚ ኤ ሞመንት።» «ሌት ሚ ቼክ ኤንድ ጌት ባክ ቱ ዩ።» የመጨረሻዋን በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ የሒሳብ ሰዎችም ሲሉት ይውላሉ። ሒሳብ ላይ ሳያረጋግጡ አለመመለስ ጥንቃቄ ነው፣ ማንም የቋንቋ ድክመት አይለውም።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርሽ፣ ማስታወቂያዎቹ ስለማይነግሩሽ። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች አዘጋጅ ባወጣው ግምት፣ መካከለኛ ወደሚባለው ቢ1 ደረጃ ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት ትምህርት፣ በሥራ ቦታ ብዙም ሳይቸገሩ ለመነጋገር ወደሚያስችለው ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት ይፈልጋል። በመሃሉ ያለው 150፣ 200 ሰዓት ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብትሞዪ እንኳ በዓመት 120 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በሦስት ወር እንደ ባለቤትሽ አትናገሪም። ሪፖርትሽን ለማቅረብ ግን ቢ2 መጠበቅ አይኖርብሽም፤ ያቺ ጠባብ መንገድ ቶሎ ትደረሳለች። ለውጡን በየቀኑ ስለማታዪው ዛሬ ስልክሽ ላይ ሁለት ደቂቃ ስለ ሥራሽ ተናግረሽ ቅጂና አስቀምጪው። አትስሚው፣ አታጥፊው። ከሦስት ወር በኋላ ስለዚያው ነገር እንደገና ቅጂና ሁለቱን አብረሽ ስሚ።

የማታ ትምህርቱን በተመለከተ አልከለክልሽም። የክፍል ትልቁ ጥቅም የማይስቁብሽ፣ እንዳንቺ የሚሳሳቱ ሰዎች ማግኘትሽ ነው፤ ላንቺ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ገብተሽ በመሃሉ ዝም ካልሽ ግን የትም አያደርስሽም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የጠዋቱንና የጉዞውን ለአንድ ሁለት ወር አስይዤ፣ ከዚያ ነው የምመዘገበው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተሽ ለመታዘብ ፈቃድ ጠይቂ። ስንት ተማሪ እንዳለ ቁጠሪ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ደቂቃ እንደተናገረም በስልክሽ ሰዓት ያዢ። መምህሩ ሰዓቱን ሙሉ ሲያወራ ከዋለ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ፈቃድ ካልሰጡሽም እንደዚያው።